በባልዲ የሚጨመረው ውሃ

ጥያቄ፦ በአዳማ ባለ አንድ ፎቅ መኖሪያ ቤት በማሠራት ላይ ነኝ። ባለፈው ሳምንት የምድር ቤቱ ኮለኖች ኮንክሪት ሲሞላ፣ ፎርማኑ «ካልቀጠነ በብረቱ መካከል አያልፍም» እያለ ሚክሰሩ ላይ ውሃ በባልዲ ያስጨምር ነበር። ሲሚንቶው በልኩ ከገባ ውሃው ምን ጉዳት አለው? ጥራቱንስ እንዴት ላረጋግጥ?

አንባቢ፣ ከአዳማ

መልስ፦ ጉዳቱ ከባድ ነው። ሲሚንቶ ከውሃ ጋር ተዋሕዶ ለመጠንከር የሚፈልገው የክብደቱን ሩብ ያህል ውሃ ሲሆን፣ ከዚያ በላይ የሚገባው ድብልቁ ለሥራ እንዲመች ብቻ ነው። ትርፉ ውሃ ቀስ በቀስ ሲተን በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎችን ትቶ ይሄዳል፤ ኮንክሪቱንም የሚያደክሙት እነዚህ ቀዳዳዎች ናቸው። አሜሪካዊው የኮንክሪት ተመራማሪ ዳፍ ኤብራምስ በቺካጎው ሉዊስ ኢንስቲትዩት ካደረገው ሰፊ ሙከራ በኋላ፣ የኮንክሪትን ጥንካሬ ከሁሉ በላይ የሚወስነው የውሃና የሲሚንቶ ምጣኔ መሆኑን በ1918 እ.ኤ.አ. አሳትሟል። ለአንድ ባለ 50 ኪሎ ከረጢት 25 ሊትር ውሃ ሲገባ ምጣኔው 0.5 ነው፤ አንድ ባለ 10 ሊትር ባልዲ ሲታከልበት ግን 0.7 ይደርሳል፣ ከጥንካሬውም ሲሶ ያህሉ ሊጠፋ ይችላል። አሸዋው ዝናብ ከመታው ደግሞ 100 ኪሎው ብቻ 5 ሊትር ያህል ውሃ ይዞ ሊገባ ስለሚችል፣ ያ ከሚጨመረው ላይ መቀነስ አለበት።

የፎርማኑ ስጋት ግን ከንቱ አይደለም። በብረቱ መካከል በደንብ ያልገባ ኮንክሪት ጠጠሩ ፈጥጦ፣ ውስጡ ክፍተት ይዞ ይቀራል። መፍትሔው ቫይብሬተር (ኮንክሪቱን እያንቀጠቀጠ የሚያጠጋጋ ማሽን)፣ ለብረቱ ርቀት የሚስማማ ጠጠር፣ ካስፈለገም ውሃ ሳይጨመር ድብልቁን የሚያላላ አድሚክስቸር ነው።

በፕላንዎ ላይ ሲ-25 ተብሎ ከተጻፈ፣ በየጎኑ 15 ሴንቲ ሜትር የሆነ የኮንክሪት ኩብ በ28ኛው ቀን በመጭመቂያ ማሽን ሲፈተን 57 ቶን ያህል ጭነት እንዲችል ይጠበቃል ማለት ነው። ናሙናው ከሚሞላው ኮንክሪት ላይ፣ በተቆጣጣሪው ፊት ይወሰድ። ለናሙና ብቻ ሲሚንቶ በዝቶበት የተዘጋጀ ድብልቅ አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለው ውጤት ስለ ቤቱ የሚነግረን ነገር የለም።

የተሞሉትን ኮለኖች በተመለከተ፣ ሶሌታው (በኮለኖቹ ላይ የሚያርፈው የኮንክሪት ወለል) ከመሞላቱ በፊት የስትራክቸር መሐንዲስዎን ጠርተው የሆነውን ሳይደብቁ ይንገሩት። በሪባውንድ ሀመር፣ ማለትም ኮንክሪቱን መትቶ በሚነጥርበት መጠን ጥንካሬውን በሚገምት መሣሪያ፣ የሚደረገው ፍተሻ የላይኛውን ገጽ ብቻ ስለሚያሳይ፣ ጥርጣሬ ካለ ከኮለኑ ላይ ናሙና በማሽን ተቆርጦ ይፈተናል። አዳማ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ያለች ከተማ ናት፤ መሐንዲሱ ለመሬት መንቀጥቀጥ የሠራው ስሌትም ኮንክሪቱ የተጻፈለትን ጥንካሬ ይዟል ብሎ የሚነሣ ነው። እስከዚያው ድረስ ኮለኖቹን በጆንያ ሸፍነው፣ ከተሞሉበት ቀን አንሥቶ ቢያንስ 7 ቀን እስኪሞላቸው ሳይደርቁ ውሃ ያስጠጡ፤ በአዳማ ሙቀትና ነፋስ ጠዋት የጠጣ ኮለን እኩለ ቀን ላይ ደርቆ ይገኛል።