ቪኒል ክሎራይዱ ለምን ተጠራቀመ?

“ለተበከለው የጉድጓድ ውሃ ናሙና ላክቴት (ለባክቴሪያዎቹ ምግብ የሚሆን) ስጨምር ትራይክሎሮኢቲሊኑ (ሦስት ክሎሪን ያለው መርዛማ ማሟሟቻ) ጠፋ፣ ቪኒል ክሎራይዱ ግን እየጨመረ ነው” ላልከው፦ ሙከራህ አልከሸፈም፣ መሀል መንገድ ላይ ቆሟል። ክሎሪኑ ከትራይክሎሮኢቲሊኑ ላይ አንድ በአንድ ነው የሚነሳው፤ ቪኒል ክሎራይድ አንድ ክሎሪን ብቻ የቀረው ነው። የመጨረሻውን አንስተው ክሎሪን የሌለው ኢቲሊን ላይ የሚያደርሱት በዋነኛነት ዲሃሎኮኮይድስ የሚባሉት ባክቴሪያዎች ናቸው፣ እነሱም ቢሆኑ ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው እንደ ቪሲአርኤ (vcrA) ያለ ጂን ያላቸው ብቻ።

መጀመሪያ ፒኤች (የውሃውን አሲድነት) ለካ። ከ6 በታች ከወረደ ባክቴሪያዎቹ ይዳከማሉ፤ ላክቴቱ ሲብላላ አሲድ ስለሚፈጥር ይሄ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል። ደህና ከሆነ ናሙናውን ለጂን ምርመራ ላክ። ባክቴሪያዎቹ ከሌሉ ላክቴት መጨመሩ ዋጋ የለውም፣ ራሳቸውን ማስገባት ነው ያለብህ።

አደራ፣ ውጤቱን በሚሊግራም ሳይሆን በሞል (በሞለኪውል ብዛት) አስላው፣ ኢቲሊኑንም አብረህ ለካ። ቪኒል ክሎራይድ በቀላሉ ይተናል፤ ክዳኑ ካሾለከ ውሃው የጸዳ ይመስልሃል፣ አንተ ግን ካንሰር አምጪ ጋዝ እየተነፈስክ ነው።