መልስ፦ የተጎጂ ቤተሰብ ወትውቶ ህግ ማስወጣት ይችላል?

ወንድሜ «በሽብር ልጁን ያጣ ተራ ሰው መንግስትን ጨቅጭቆ ህግ ያስወጣል ወይ» ላልከው፣ አዎ ያስወጣል፣ ግን እድሜ ይበላል። እንግሊዝን እይ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ማንቸስተር አሬና ኮንሰርት ላይ ቦምብ ፈንድቶ 22 ሰው ሲሞት አንዱ ማርቲን ሄት ነበር፣ እናቱ ወይዘሮ ፊገን መሬይ ከዛ በኋላ አዳራሽ ሲገቡ ቦርሳ እንኳ የሚፈትሽ ሲያጡ ሰው የሚሰበሰብበት ቦታ ጥበቃ በህግ ግዴታ እንዲሆን ፔቲሽን (የድጋፍ ፊርማ ማሰባሰብ) ጀመሩ፣ በዛ እድሜያቸው በጸረ ሽብር ማስተርስ ያዙ፣ በ2024 ደግሞ ከማንቸስተር ለንደን እስካለው የጠቅላይ ሚኒስትሩ ቢሮ፣ ዳውኒንግ ስትሪት፣ በእግራቸው ሄዱ። የዛኔው ጠቅላይ ሚኒስትር ሪሺ ሱናክ ህጉን አቀርባለሁ ብሎ ቃል ገባላቸው፣ በዛው ቀን ምርጫ ጠርቶ አረፈው 😅 ከዛ ውትወታው እንደገና ከአዲሱ መንግስት ጋር ቀጠለ። በመጨረሻ ኤፕሪል 2025 ጸደቀ፣ «የማርቲን ህግ» የሚሉት እሱን ነው።

200 ሰውና ከዛ በላይ የሚይዝ ቦታ አደጋ ቢመጣ ሰው እንዴት እንደሚወጣ፣ በር እንዴት እንደሚዘጋ ፕላን ሊኖረው ነው፣ ከ800 ጀምሮ ጠበቅ ይላል። ቤተክርስቲያንና መስጊድ የፈለገ ቢተልቁ በቀላሉ፣ በ200ው እርከን ነው የሚቆዩት፣ ለንደን ያላችሁ የሰበካ ጉባኤ ሰዎች አትደንግጡ፣ ስራ ላይ እስኪውልም ቢያንስ ሁለት አመት ተሰጥቷል። ካሳ ግን እዚህ ህግ ውስጥ የለም፣ እሱ ሌላ ትግል ነው።