«ትነዝራለች እኮ»

ልጆች፣ «ኮረንቲ ያዘው» ሲባል ሁሉም ይሮጣል። «ነዘረኝ» ሲባል ግን ሰው ይስቃል። ከሠላሳ ዓመት በላይ በኤሌክትሪክ ሠራተኛነት ስኖር ይሄ ሳቅ ያመጣውን ጣጣ አይቻለሁ። ስቄም አውቃለሁ። ስለዚህ ይቺን ደብዳቤ እንደ ንጹሕ ሰው አልጽፍላችሁም።

ከብዙ ዓመት በፊት አንድ የሕንፃ ሥራ ላይ ነበርኩ። አሮጌ የሲሚንቶ ሚክሰር ነበረችን፣ በሦስት ፌዝ፣ በ380 ቮልት የምትሠራ። ሠራተኞቹ «ቆንጣጯ» የሚል ስም አውጥተውላት ነበር። አዲስ የቀን ሠራተኛ ሲመጣ «እስቲ ያቺን ብረት ያዛት» ይሉታል። ልጁ ዘሎ ሲመለስ፣ ሳቅ በሳቅ። ሁለት ሳምንት እንዲህ ቆየን።

አንድ ቀን አሸዋ የሚያቀርብ ወጣት መጥቶ «ኢንጅነር፣ ዛሬስ ብሶባታል፤ በጣም ትነዝራለች» አለኝ። (ኢንጅነር አይደለሁም፤ እሱ ግን እንዲያ ነበር የሚጠራኝ።) ምሳ እየበላሁ ነበር። «ነገ አያታለሁ» አልኩት።

ሌሊቱን ሲዘንብ አደረ። ጠዋት ግቢው ጭቃ በጭቃ ሆኗል። ልጁ ውኃ የጠጣ ሸበጥ ተጫምቶ የሚክሰሯን መዘውር ያዘ። አልጮኸም። ጡንቻው የተጨበጠበት ሰው እንደምታስቡት አይጮኽም፤ ያቃስታል፣ ማቃሰቱም በማሽኑ ድምፅ ይዋጣል። ጓደኛው ሊያላቅቀው እጁን ሲዘረጋ ውኃ የምታመላልስ ሴት «እንዳትነካው!» ብላ ጮኸችና ሮጣ ማብሪያውን አጠፋችው። በዚያች ደቂቃ ሁለት ሰው አተረፈች። እኔ ከላይ ስወርድ ልጁ ጭቃው ላይ ተቀምጦ መዳፉን ያያል። የሳንቲም ያህል ቁስል፣ መሃሉ ነጭ፣ ዙሪያው የጠቆረ። ቀላል ይመስላል። ሆስፒታል ሲታይ ግን ውስጡ ከላዩ የባሰ ሆነ። ሁለት ጣቶቹ ተቆረጡ።

ሚክሰሯን ፈታኋት። ወደ ዲናሞው የሚገባው ገመድ ከብረቱ ጠርዝ ጋር ሲፋተግ ፕላስቲኩ ተልጧል። አረንጓዴና ቢጫውን ገመድ፣ ያመለጠ ኮረንቲ ወደ መሬት የሚወስደውን የኧርዙን ማለቴ ነው፣ አንዱ ቆርጦ በናስትሮ ጠቅልሎ ትቶታል። ለመጠገን 20 ደቂቃ አልፈጀብኝም።

ብልሽቱ ያው የሁለት ሳምንቱ ብልሽት ነበር። የተለወጠው መሬቱና ጫማው ነው። በደረቅ ጫማ ደረቅ ጣውላ ላይ ስትቆሙ በሰውነታችሁ የሚያልፈው ኮረንቲ ትንሽ ነው፤ 1 ሚሊ አምፔር ገደማ ሲሆን ነዘር ያደርጋል። ከ10 ሚሊ አምፔር ሲያልፍ እጅ ይጨበጥና መልቀቅ ያቅታል። 30ን አልፎ በደረት በኩል ከሄደ ትንፋሽና ልብ አደጋ ላይ ናቸው። አንድ ተራ የ60 ዋት አምፖል በ220 ቮልት የሚወስደው 270 ሚሊ አምፔር አካባቢ ነው። አምፖል በቅጡ የማያበራ ኮረንቲ ሰው ይገድላል ማለት ነው።

«ብሬከር አለ አይደል?» የሚል አይጠፋም። የ16 አምፔር ብሬከር የተሠራው ገመዱ እንዳይቃጠል ነው፤ ሰው መያዙን አያውቅም። ሰው የሚያድነው ኮረንቲ በሰው ወይም በመሬት በኩል ሲሾልክ አውቆ በ30 ሚሊ አምፔር የሚቆርጠው አርሲዲ የሚባለው ነው። ቦርዱ ላይ ከሌለ አሠሪያችሁን ወጥራችሁ ጠይቁ። ካለም «ቴስት» የምትለውን ቁልፍ ተጭናችሁ መቁረጡን እዩ።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ ማሽን ውስጥ እጃችሁን አትክተቱ። ወፍጮ ቤት የሚሠራ ባልንጀራዬ መብራት ጠፋ ብሎ ችንጋ ሊያስተካክል ገባ። ማብሪያውን ሳያጠፋው። መብራት ሲመጣ አንኳኩቶ አይመጣም። ጄኔሬተር ያለበት ቦታማ ጨለማው ሴኮንዶች ብቻ ሊቆይ ይችላል። ዋናውን አጥፉ፣ ቆልፉ፣ ቁልፉን ኪሳችሁ ክተቱ። ለዘበኛም፣ ለፎርማንም አትስጡ።

ሰው ተይዞ ካያችሁ መጀመሪያ የምትፈልጉት ማብሪያውን ነው። እሱ ከራቀ በደረቅ እንጨት ገፍታችሁ አላቁት። ይሄ ለ220ና ለ380 ነው፤ የ15 ሺህ ቮልት መስመር ከሆነ እንጨትም አያድናችሁም፣ እስኪጠፋ ራቁ። ከተላቀቀ በኋላ የማይተነፍስ ከሆነ ደረቱን መጫን ጀምሩ፣ አንዳችሁ ለአምቡላንስ 907 ደውሉ። «ደህና ነኝ» ብሎ ቢነሳም ሐኪም ይየው። ልብ ቆይቶ የሚዛባበት ጊዜ አለ።

በሙከራ ላይ ያለ ልጅ «አፌን ከከፈትኩ እባረራለሁ» ብሎ እንደሚፈራ አውቃለሁ። እውነት ነው፣ ፊታቸውን የሚያጠቁሩ አለቆች አሉ። ግን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የመሣሪያ ጉድለት ያየ ሠራተኛ ወዲያው ለአሠሪው እንዲያሳውቅ ግዴታ ጥሎበታል። በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት ደግሞ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው። ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ከጎዳ ወይም ሰክሮ ከገባ ግን ሌላ ነው። ብትችሉ ጉድለቱን በጽሑፍ አሳውቁ፤ በስልካችሁ የተላከ አጭር መልእክትም ከቃል ይሻላል። እኔን የነገረኝ ልጅ በቃል ነበር የነገረኝ። ያን ቀን «አልነገረኝም» ብል ማን ያምነው ነበር?

ዛሬ ትንሽ ሱቅ አለው። አልፎ አልፎ ጎራ እላለሁ። ሰላም ስንባባል ክንዱን ነው የሚዘረጋልኝ። «ኢንጅነር፣ ምሳ በሉ?» ይለኛል ሁልጊዜ። ምን ለማለት እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም።