«ነገ እንደውላለን» የምትለው መልእክት

ባሕር ዳር ሆና በስልክ የጤና ጥናት መረጃ የምትሰበስብ አንባቢያችን፣ ከምትደውልላቸው ግማሾቹ እንደማያነሱ ጽፋ «አስቀድሜ አጭር መልእክት ብልክ ይረዳል? ምን ብዬ?» ትላለች።

ይረዳል እኅቴ፤ ተአምር ግን አትጠብቂ። ሰው የማያውቀውን ቁጥር የማያነሳው አንቺን ንቆ አይደለም፤ «ዕጣ ደርሶዎታል» ባዮች ስላማረሩት ነው። ስለዚህ ማን እንደሆንሽ፣ በየትኛው ቁጥር እንደምትደውዪና መቼ እንደሆነ ንገሪው፤ ከዚያ በሌላ ቁጥር ከደወልሽ የላክሽው ከንቱ ነው። «9፡00» ብለሽም አትላኪ። ቢሮሽ በፈረንጅ ሰዓት አስቦ ይሆናል፤ ሰውየው ግን ከሰዓት ዘጠኝ ላይ ነው የሚጠብቅሽ። «ጠዋት 3 ሰዓት» በዪ።

በፊደላችን የተጻፈ አንድ መልእክት የሚይዘው 70 ፊደል ነው፤ በላቲን 160። ከ70 ሲያልፍ ለሁለት ይከፈላል፣ ሒሳቡም እንደዚያው። አለቆችሽ «በላቲን ጻፊው» ቢሉሽ እሺ አትበዪ፤ አንባቢውን ያደናግራል። ይልቅ «ክቡር ደንበኛችን እንደምን ሰነበቱ» የሚለውን ቁረጪ፤ ብቻውን 21 ቦታ ይበላል!

ከሁሉ የምፈራው ግን ሌላ ነው። ስልኩ ብዙ ቤት ውስጥ የጋራ ነው፤ ለሚስት የላክሽውን ባል ያነበዋል። ጥናቱ ስለ ወሊድ መከላከያ ወይም ስለ ኤች አይ ቪ ከሆነ ርእሱን መልእክቱ ላይ አትጻፊ። «የጤና ጥናት» ይበቃል። ስልክ የሌለው ቤት ደግሞ ከነጭራሹ አይሰማሽም። በ2012 ዓ.ም. በኮቪድ ጊዜ የዓለም ባንክ በየወሩ ይደውል የነበረው ቀደም ሲል በአካል ተጠይቀው ስልካቸውን ለሰጡ ቤተሰቦች ነበር፤ የቀሩትን በስሌት ለማካካስ ተሞከረ። ስሌቱ ያልተደወለላትን ሴት አያናግራትም።

«ለተጠያቂ ካርድ መሙላት ጉቦ አይደለም ወይ?» ከአዳማ።
አይደለም፣ መጠኑ ትንሽ ከሆነ። በባንግላዴሽና በኡጋንዳ ተሞክሮ ጨርሰው የሚመልሱትን ሰዎች ጨምሯል። ስንት ይሁን ለሚለው የሥነ ምግባር ኮሚቴያችሁን ጠይቁ።

«ማስታወሻ ስንት ጊዜ ልላክ?»
አንዴ። ከዚያ በኋላ ዕዳ የሚጠየቅ ይመስለዋል።

እናታቸው «ለጥናቱ ካርድ እንሞላልዎታለን» የሚል መልእክት ደርሷቸው ለደወለው ሰው የቴሌብር የሚስጥር ቁጥራቸውን እንደሰጡ የጻፉልን ወንድማችን፣ ይህን ማንበብዎን እዚህ ላይ ያቁሙ። የሚስጥር ቁጥር የሚጠይቅ ጥናት የለም። አሁኑኑ ቁጥሩን ይቀይሩ፣ ወደ ቴሌብር ደውለው ያሳውቁ፣ ገንዘብ ከወጣም ፖሊስ ጣቢያ ይሂዱ። ነገ አይደለም፤ እኔም ጋ አይጻፉ፣ እዚያ ይሂዱ። መልእክቱን ደግሞ እንዳያጠፉት፤ ማስረጃ ነው።