እናቴ «ጣዖት ነው» ብትልስ?

ጥያቄ፦ የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ባለቤቴ ምድር ቤታችንን ቲኪ በሚባለው፣ የፓስፊክ ደሴቶችን በሚያስመስለው የመጠጥ ቤት ዓይነት ሊያስጌጥ ተነሥቷል። ቀርከሃ፣ የሣር ክዳን፣ ፊት የተቀረጸባቸው ግንዶች። ክፍሉ አራት ሜትር በአምስት ነው፤ መስኮት የለውም። ከጥምቀት በኋላ እናቴ ከአዲስ አበባ ትመጣለች። ያንን ፊት ስታይ «ጣዖት ቤት አላድርም» ትለኛለች ብዬ ፈርቻለሁ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ መስኮት አለመኖሩ ሲሳይ ነው። ቲኪ ጨለማ ይወዳል። እ.ኤ.አ. በ1933 ኧርነስት ጋንት የሚባል ሰው ሆሊውድ ውስጥ እንዲህ ያለ መጠጥ ቤት ሲከፍት ሩም ከሚባለው መጠጥ ይልቅ የገነነው ድባቡ ነበር። ጣሪያው ላይ በጎማ ውሃ እያስረጨ ደንበኛው «እስኪያባራ» አንድ እንዲደግም ያደርግ ነበር ይባላል። ቆርቆሮ ቤት ላደገ ሰው ይህ ዘዴ ማብራሪያ አያሻውም።

እንግዲህ ባለቤትሽ ግንዱን ትቶ ከመብራቱ ይጀምር። ጣሪያውን ጥቁር ቡናማ ይቀባ፤ ግድግዳውን ሰሌን ያልብስ። አምፖሎቹ ትንንሽ፣ ቢጫና ቀይ ሆነው ከቀርከሃው ጀርባ ይደበቁ። የጃፓን ዓሣ አጥማጆች መረባቸውን ያንሳፍፉበት የነበረውን አረንጓዴ የመስታወት ኳስ አግኝቶ ከኋላው አንዲት አምፖል ቢያበራ፣ ግድግዳው ባሕር ይሆናል።

ቀርከሃውን በተመለከተ የደረሰብኝን ልንገርሽ። የራሴን ክፍል ስሠራ በገዛሁት ማግስት በምስማር ቸነከርኩት። ክረምት ገብቶ ማሞቂያው ሲሠራ፣ ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ጥይት የተተኮሰ መስሎኝ ከአልጋዬ ዘለልኩ። ሄጄ ባየው ከአንጓ እስከ አንጓ ተሰንጥቋል፤ ስንጥቁ ጣት ያስገባል። ስለዚህ ቀርከሃው እዚያው ክፍል ውስጥ ሳምንታት ተቀምጦ አየሩን ይልመድ፤ ከዚያ በመሰርሰሪያ ተበስቶ በብሎን ይታሰር። የሣር ክዳኑ እሳት የሚከላከል ፈሳሽ የተነከረ ይሁን። አምፖሉ ኤልኢዲ ይሁን፤ ሻማ ጨርሶ አይግባ።

ወደ እናትሽ ልምጣ። በማኦሪዎች፣ ማለትም በኒውዚላንድ ነባር ሕዝብ፣ ትውፊት ቲኪ የመጀመሪያው ሰው ስም ነው፤ በፓስፊክ ውቅያኖስ ባሉት በማርኬሳስ ደሴቶች ደግሞ የሚቀረጸው የአማልክትና የአያት ቅድመ አያት ምስል ነው። እናትሽ ጣዖት ቢሉት ከእውነቱ ብዙም አልራቁም ማለት ነው። እኔም ብሆን የሰው አያት ከቢራ ጠርሙስ ጎን ባይቆም እመርጣለሁ። በጨርቅ ሸፍነን እናሳልፈው እንዳትሉ ብቻ፤ እናት የተሸፈነ ነገር ሳትገልጥ አታድርም። ግንዶቹ ይቅሩ። መብራቱና ሰሌኑ ከተሳካ ባለቤትሽም አይናፍቃቸውም።

ቀርከሃውን ግን በዚህ ሳምንት ግዙ፤ ለጥምቀት ሦስት ወር አልቀረም።