አማካዩ ለምን ዜሮ ሆነ?

ጥያቄ፦ እናቴ ቀፊራ ገበያ ሽንኩርትና ቲማቲም ትሸጣለች። ዘንድሮ የሲ ፕሮግራሚንግ ትምህርት ስለጀመርሁ፣ የስድስት ቀን ሽያጯን አንድ በአንድ ተቀብሎ የቀን አማካዩን የሚያወጣና ገበያ ያልወጣችበትን፣ ማለትም ዜሮ የተመዘገበበትን ቀን የሚጠቁም አጭር ፕሮግራም ጻፍሁላት። ኮዱን ኮምፒውተሩ ወደሚያስኬደው መልክ የሚተረጉመው ኮምፓይለር አንድም ስሕተት ሳይነግረኝ ያሳልፈዋል። ሆኖም ምንም ቁጥር ባስገባ፣ በእኔ ላፕቶፕ ላይ በሚሊዮን የሚቆጠር ብር ያወጣል፤ በጓደኛዬ ላይ ደግሞ ዜሮ ይላል። ገበያ ያልወጣችበትን ቀንም ጠቁሞ አያውቅም። የተበላሸው ላፕቶፔ ይሆን? ኮዱን አያይዣለሁ።
የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ፣ ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ

መልስ፦ ላፕቶፕዎ ደኅና ነው፤ ስሕተቱ ያለው ኮዱ ውስጥ ነው። ዋናውን ፍንጭ ደግሞ ራስዎ ጽፈውታል፦ የሚያስገቡት ቁጥር ቢለዋወጥም ውጤቱ አብሮ አይለዋወጥም። እንግዲያው ያስገቡት ሽያጭ ከድምሩ ሳይደርስ መንገድ ላይ እየጠፋ ነው።

የት እንደሚጠፋ ለማየት፣ በሉፑ (ለየቀኑ በሚደጋገመው የኮዱ ክፍል) ውስጥ ሽያጩን ከሚቀበለው ስካንኤፍ ቀጥሎ አንድ ፕሪንትኤፍ (ዋጋን በስክሪን ላይ የሚያሳይ ትእዛዝ)፣ ሽያጩ ዜሮ መሆኑን ከሚፈትሸው ኢፍ በኋላ ደግሞ ሌላ ጨምሬ አስኬድሁት። 400 ሳስገባ የመጀመሪያው 400 አሳየ፤ ሁለተኛው 0። ገንዘቡን የበላው ኢፉ ነው ማለት ነው። በቅንፉ ውስጥ «ሽያጭ = 0» ብለው ጽፈዋል። በሒሳብ ደብተር ላይ ይህ እኩልነትን ይገልጻል፤ በሲ ግን አንድ የእኩል ምልክት ትእዛዝ ስለሆነ «በሽያጭ ውስጥ 0 አስቀምጥ» ማለት ይሆናል። የተቀመጠው 0 እንደ ሐሰት ስለሚቆጠር ማሳሰቢያው ፈጽሞ አይታተምም፤ ሽያጩም ከመደመሩ በፊት ይሰረዛል። ለማነጻጸር ሁለት የእኩል ምልክት (==) ያስፈልጋል።

ይህ ግን የእርስዎን ሚሊዮኖች አያስረዳም። «ኢንት ድምር;» ብለው ቫሪያብሉን፣ ማለትም ሙሉ ቁጥር የሚቀመጥበትን ስም ያለው ቦታ፣ ፈጥረዋል እንጂ መነሻ ዋጋ አልሰጡትም። ሲ በፈንክሽን (ስም በተሰጠው የትእዛዞች ስብስብ) ውስጥ የሚፈጠርን እንዲህ ያለ ቫሪያብል በራሱ ዜሮ አያደርገውም፤ በዚያ የሜሞሪ ቦታ ላይ ቀድሞ የተረፈ ቁጥር ካለ ድምሩ ከዚያው ሊነሣ ይችላል። በጓደኛዎ ላፕቶፕ ላይ የተገኘው እንዳጋጣሚ ዜሮ ነበር፤ በእርስዎ ላይ አልነበረም። ጓደኛዎ የኢፉን ስሕተት ብቻ አርሞ ቢሆን ኖሮ ትክክለኛ የሚመስል መልስ ያገኝና ይኸኛው ተደብቆ ይቀር ነበር። እኔ ከሁሉ የምፈራው እንዲህ ያለውን ነው፤ ፈተና ቀን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲቀመጡ ብቅ ይላልና። «ኢንት ድምር = 0;» ብለው ይጀምሩ።

ኮምፓይለሩ ዝም ያለው ሁለቱም በሲ ሰዋስው ትክክል ስለሆኑ ነው። የሚጠቀሙት ኮምፓይለር ጂሲሲ የሚባለው ከሆነ፣ በትእዛዙ ላይ ሰረዝ፣ ትልቁን ደብሊው፣ ከዚያም ትንንሾቹን ኤ፣ ኤልና ኤል አያይዘው (-Wall) ይጨምሩ። የኢፉን ነገር ወዲያው ያስጠነቅቅዎታል፤ መነሻ ያልተሰጠውን ቫሪያብልም ብዙ ጊዜ ይጠቁማል። ይህን ተማሪ ሁሉ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሊለምደው ይገባል ባይ ነኝ።

ሦስተኛውን ስሕተት ግን በዚህም መንገድ አያገኙትም። ሁለቱን ካረምሁ በኋላ 400፣ 350፣ 0፣ 520፣ 610 እና 475 አስገብቼ ነበር። ድምሩ 2,355 ስለሆነ ለ6 ሲካፈል 392.50 መሆን ሲገባው ፕሮግራሙ 392.00 አለ። ሲ ሙሉ ቁጥርን ለሙሉ ቁጥር ሲያካፍል ከነጥብ በኋላ ያለውን ይጥለዋል፤ አማካዩን «ፍሎት» (ነጥብ ያለው ቁጥር የሚይዝ ዓይነት) ብለው መሰየምዎ አያድነውም፣ ሃምሳ ሳንቲሙ ፍሎቱ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ወድቋልና። በ6 ፈንታ በ6.0 ያካፍሉ።

ከዚህ በኋላ የሚቀረው የሲ ጥያቄ አይደለም። እናትዎ የሠሩት አምስት ቀን ስለሆነ ለ5 ቢካፈል አማካዩ 471 ብር ይመጣል። የትኛውን ማወቅ እንደሚፈልጉ እርሳቸውን ይጠይቋቸው፤ በ5 ከሆነ፣ ኢፉ ዜሮ ያልሆኑትን ቀናት እንዲቆጥር ማድረግ ይበቃል።