የትኛው ማርከር?

ባለፈው ሳምንት አንዲት የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ መልእክት ላከችልኝ። ከሰላምታው ቀጥሎ ያለው ጥያቄ አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «ጋሼ፣ በሳር ሜዳ ወፎች ላይ ልሠራ ነው፤ የትኛውን ማርከር ብጠቀም ይሻለኛል?»

የጠየቀችኝ ስለ ጄኔቲክ ማርከር ነው። አንዱን ወፍ ከሌላው፣ የአንዱን ሜዳ ወፎች ከሌላው ሜዳ ወፎች የምንለይበት፣ ዲኤንኤ ላይ ያለ ምልክት ማለቷ ነው። እኔ ግን ቃሉን ሳነብ ዓይኔ ላይ የመጣው ከመርካቶ በደርዘን የገዛሁት ጥቁር ማርከር፣ የመጻፊያው ማርከር ነው። የዚያን ዕለት ምሳዬን በደንብ አልበላሁም። መልሱን ለእሷ ብቻ ልጽፍ ተቀምጬ ነበር፤ እየረዘመ ሲሄድ ለሁላችሁም ይሁን አልኩ።

ነገሩ በ1991 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ በእኛ ሙያ ወሬው ሁሉ ስለ ኢሊኖይ የሜዳ ዶሮዎች ነበር። በአሜሪካዋ ኢሊኖይ ግዛት በአንድ ወቅት በሚሊዮን ይቆጠሩ የነበሩ ወፎች፣ ሜዳው ለበቆሎና ለአኩሪ አተር ሲታረስ ከ50 በታች ወረዱ። እንቁላላቸውም መፈልፈል እያቃተው መጣ። ተመራማሪዎች በ1930ዎቹ ተይዘው በሙዚየም ከተቀመጡ ወፎች ዲኤንኤ አውጥተው ከሕያዎቹ ጋር ሲያስተያዩ፣ የጥንቶቹ የነበሯቸው የዘር ዓይነቶች ከአሁኖቹ መጥፋታቸውን አዩ። ከሚኒሶታ፣ ከካንሳስና ከነብራስካ 271 ወፎች አምጥተው ሲቀላቅሉ እንቁላሉ እንደገና መፈልፈል ጀመረ። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ1998 ታትሞ እጄ ሲገባ ሌሊቱን ሁሉ ሳነበው አደርኩ። (ሜዳው ግን አልሰፋም፤ ስለዚህ ቁጥራቸው ኋላ ተመልሶ አሽቆለቆለና ዳግም ከካንሳስ ወፍ ማምጣት ግድ ሆነ። ይህን የታሪኩን ጭራ የሚተርክ ሰው ግን ብዙ አይገኝም።)

እኔም የራሴን ወፍ ፈለግኩ። ያገኘሁት ማክሮኒክስ ፍላቪኮሊስን ነው፤ ከኢትዮጵያ ደጋ ሳር ሜዳ በቀር በዓለም ላይ የትም የሌለች ወፍ። የኋላ ጣቷ ጥፍር ረጅም ነው። ወንዱ ጉሮሮው የእንቁላል አስኳል የመሰለ ቢጫ ሆኖ ዙሪያውን ጥቁር ሐብል ያስራል፤ ሴቷ ቀለሟ ፈዘዝ ይላል። ይህን የወንድና የሴት ልዩነት ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

ጥያቄዬ ቀላል ነበር። ወፏ ከስምጥ ሸለቆው በስተምዕራብም በስተምሥራቅም ትገኛለች። ቆላ አትወርድም። ታዲያ የሱሉልታዋና የባሌዋ አንድ ዘር ናቸው ወይስ ሸለቆው ለረጅም ዘመን ለያይቷቸዋል? ቢለያዩ የአንዱ ሜዳ መጥፋት በሌላው አይካስም፤ ለጥበቃ ሥራ ይህ ትልቅ ልዩነት ነው።

ከሱሉልታ 16፣ ከደብረ ብርሃን ዙሪያ 9፣ በባሌ ተራሮች ካለው የጋይሳይ ሜዳ 13፣ በድምሩ የ38 ወፎች ደም ሰበሰብኩ። የወፍ ቀይ የደም ሕዋስ እንደ እኛ ሳይሆን ኒውክለስ፣ ማለትም ዲኤንኤው የሚቀመጥበት እምብርት አለው። ስለዚህ ከክንፏ ሥር ካለው ደም ሥር የምስር ፍሬ የምታክል ጠብታ ትበቃለች። ጠብታዋን ኢታኖል በሚባል አልኮል በተሞላ ትንሽ ብልቃጥ ውስጥ ትጨምራላችሁ፣ ወፏን ትለቃላችሁ። እሷም ሄዳ አንድ ጉብታ ላይ ቆማ ትሰድባችኋለች።

ሱሉልታ ላይ መረብ የዘረጋነው በአንዲት እናት ግጦሽ ውስጥ ነበር። ጠዋት ጠዋት እርጎ በቅል ያመጡልናል። በሦስተኛው ቀን ግን ቅሉን ይዘው ቆመው፣ «እንዲያው ልጄ፣ የዚችን ምስኪን ደም ምን ልታደርጉት ነው? ለደብተራ ነው?» አሉኝ። ሾፌራችን በሳቅ ሞተ። እኔ ስለ ዘርና ስለ ሸለቆ ማስረዳት ጀመርኩ፤ እሳቸው አላመኑኝም፤ እርጎው ግን አልቀረብንም። ያ ሾፌር ደግሞ የወፏን ፉጨት ሲያስመስል ወንዱ ለጠብ እየበረረ ከመረቡ ይገባ ነበር። ግማሹን ናሙና ያገኘሁት በእሱ ከንፈር ነው ማለት ይቻላል። በመመረቂያ ጽሑፌ የምስጋና ገጽ ላይ ስሙን ረስቻለሁ። ይኸው ሌላ ጸጸት።

የእናትየዋ ልጅ፣ ሁለተኛ ክፍል ይመስለኛል፣ ከጎኔ አይጠፋም። አንድ ቀን «ቁጥሩን እኔ ልጻፍ» ብሎ አስቸገረኝ። ከደብተሩ ጥግ ቀደደ፣ በእርሳሱ 7 ብሎ ጻፈ፤ እኔም እንዳይከፋው ብዬ ቁራጯን ጠቅልዬ ከደሙ ጋር ብልቃጡ ውስጥ ከተትኳት። ሌሎቹን በሙሉ በማርከር፣ በብልቃጡ ውጭ በኩል፣ በሚያምር እጅ ጽሑፍ ጻፍኩ።

በከተማው የነበረን ፍሪዘር መብራት በጠፋ ቁጥር ስለሚቀልጥ ናሙናዎቹን ለሰው አላምንም አልኩና የሱሉልታውንም የደብረ ብርሃኑንም ይዤ ባሌ ወረድኩ። ስንመለስ ከአዳባ አለፍ ብሎ መኪናዋ ጉድጓድ ገባች። እኛ ምንም አልሆንንም። ሳጥኑ ግን ተገለበጠ። አነሳሁት፣ ክዳኑን ጫን ጫን አድርጌ ዘጋሁ፣ ጉዞ ቀጠልን። ሻሸመኔ ሆቴል ገብቼ ስከፍተው ብልቃጦቹ ተዘበራርቀው ከታች ጥቁር ውሃ ውስጥ ይዋኛሉ። ሁለት ሦስት ክዳን ላልቶ ኢታኖሉ ፈሶ ነበር። ኢታኖል ደግሞ የማርከርን ቀለም ያጥባል። በ11ዱ ላይ ያለው ጽሑፍ ይነበባል። 12ኛዋ የልጁ 7 ናት። የቀሩት 26 እንደ ታጠበ ብርጭቆ ንጹሕ ናቸው።

አሁን የምነግራችሁ ለብዙ ዓመት ለማንም ያልነገርኩትን ነው። አልጋው ላይ ቁጭ ብዬ እስከ እኩለ ሌሊት 26ቱን «አስታወስኳቸው»። ይህኛው ደሙ በዛ ያለ ነው፣ የጋይሳዩ መሆን አለበት፤ ይህኛው ክዳኑ ተሰንጥቋል፣ ሱሉልታ የተሰነጠቀ አይቻለሁ። እንዲህ እያልኩ ቁጥር ሰጠኋቸው፤ በዚያው ማርከር ደግሜ ጻፍኩባቸው። ሲነጋ ራሴን አሳምኜ ነበር። ሰው ራሱን ለማሳመን አንድ ሌሊት ይበቃዋል።

ናሙናው በውጭ አገር ላብራቶሪ ተሠራ። ውጤቱ፦ በሸለቆው ግራና ቀኝ ያሉት ወፎች ልዩነት የላቸውም። አማካሪዬ ወረቀቱን ደጋግመው አይተው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ፤ «የብልቃጦቹን ስም እርግጠኛ ነህ?» «አዎ» አልኩ። ይህቺ ቃል ናት እስከ ዛሬ የምትቆረቁረኝ። ጽሑፉ በመጽሔት አልወጣም፤ የመመረቂያ ጽሑፌ አንድ ምዕራፍ ሆኖ ግን ጸደቀልኝ፣ ተመረቅኩበት።

አያችሁ፣ ናሙና ሲቀላቀል ስሕተቱ የሚወድቀው በዘፈቀደ አይደለም፤ ወደ አንድ ወገን ነው የሚያዘነብለው። የባሌን ወፍ ሱሉልታ፣ የሱሉልታን ባሌ ብላችሁ ከጻፋችሁ ሁለቱ ቦታዎች የግድ ይመሳሰላሉ። ልዩነት ቢኖርም ትደመስሱታላችሁ። ስለዚህ «ልዩነት የለም» ያለው ውጤቴ የወፎቹ እውነት ይሁን የሻሸመኔው ሌሊት፣ ማወቂያ የለውም።

በ2001 ዓ.ም. አንድ ተማሪዬ የወፍ ጾታ ምርመራ ሊለማመድ ፈለገ። በወፍ ሁለት ዓይነት የጾታ ክሮሞዞም ያላት ሴቷ ናት፤ ዜድ እና ደብልዩ ይባላሉ። ወንዱ ሁለት ዜድ አለው። በሁለቱም ክሮሞዞም ላይ ያለውን ሲኤችዲ የሚባል ጂን አባዝታችሁ ዲኤንኤን በመጠኑ በሚለይ ጄል ስታዩት ወንዱ አንድ መስመር፣ ሴቷ ሁለት መስመር ይሰጣሉ። ርካሽ ነው፣ በአንድ ቀን ያልቃል። እኔም «እነዚያን አሮጌ ናሙናዎች ተለማመድባቸው» አልኩት፤ ደብተሬ ላይ የእያንዳንዱ ወፍ ጾታ በላባው ተጽፎ ነበርና። ማታ ፊቱ ጠቁሮ መጣ። «ጋሼ፣ ሳላበላሽ አልቀረሁም፤ 8ቱ ከደብተርዎ ጋር አይገጥሙም።» አላበላሸም። 8ቱ የታወቁት ወንድ በሴት ቦታ ስለገባ ነው፤ ወንድ በወንድ፣ ሴት በሴት የተቀየረውን ይህ ምርመራ አይለየውም። ስንት እንደሆኑ እናንተው ገምቱ።

ለአማካሪዬ ደብዳቤ ጻፍኩ። ከላይብረሪው ቅጂ ላይም «የዚህ ምዕራፍ ናሙናዎች መለያ አስተማማኝ አይደለም» የሚል ገጽ አስለጠፍኩ። አማካሪዬ ባለ ሁለት መስመር መልስ ላኩልኝ፤ የእኔና የእሳቸው ስለሆነ ይቅር።

በዚህ መሐል ስለ አንዲት ሌላ ወፍ ላንሳ። የሊበን ቆቢት ልላት ያምረኛል፤ ሕጋዊ የአማርኛ ስሟ ስለማይመስለኝ ግን የሊበን ሜዳዋ ወፍ እላታለሁ። ነገሌ ቦረና አጠገብ ባለው የሊበን ሜዳ ሳር ውስጥ የምትኖር፣ ቡናማ፣ ለዓይን የማትሞላ ትንሽ ወፍ ናት። ለሳይንስ የተዋወቀችው እ.ኤ.አ. በ1968 በተያዘች አንዲት ወፍ ነው። ሜዳው በእርሻና በቁጥቋጦ እየተበላ፣ የቀረውም ሳር በከብት እየተጋጠ ስለሄደ፣ ከዋናው የአፍሪካ ምድር በመጀመሪያ የምትጠፋዋ ወፍ እሷ ትሆናለች እስከ መባል ተደርሶ ነበር። በሌላ በኩል በሶማሌላንድ ከ1922 ወዲህ በእርግጠኝነት ያልታየች ዘመድ ነበረቻት። ኋላ ደግሞ ጅግጅጋ አካባቢ፣ ከሊበን ወደ 600 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ፣ ተመሳሳይ ወፎች ተገኙ። የሙዚየሞቹንና የሕያዎቹን ወፎች ዲኤንኤና የአካል ልክ አስተያይተው እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ጥናት ሦስቱም አንድ ዝርያ ሳይሆኑ አይቀሩም አለ። ዛሬ ሄተሮሚራፍራ አርቸሪ በሚል አንድ ስም ይጠራሉ።

እኔን የሚገርመኝ ግን ዲኤንኤውን ያነበበው ማሽን አይደለም። የሙዚየም ወፍ እግር ላይ በክር የታሰረች ወረቀት አለች፤ የት፣ መቼ፣ ማን እንደያዛት ተጽፎባታል። ያ ሁሉ ዘመን አልፎ ያቺ ወረቀት ትነበባለች። የእኔ ማርከር ከአዳባ ሻሸመኔ አልደረሰም።

እንግዲህ ወደ ጥያቄሽ ልመለስ። የእናት መስመርና የቆየ መለያየት ከሆነ የምትፈልጊው፣ ከእናት የሚወረሰው የማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤ። ከደም ስትሠሪ ግን ተጠንቀቂ፤ የማይቶኮንድሪያው ግልባጭ ኒውክለሱ ውስጥም ተቀምጦ ያታልላል። የቅርብ ዝምድናና በአንድ ሜዳ የቀረው የዘር ብዛት ከሆነ ማይክሮሳተላይት፣ ማለትም ተደጋግመው የሚጻፉት አጫጭር የዲኤንኤ ፊደላት፣ ዛሬም ይሠራል። ገንዘብ ካለሽ በሺህ የሚቆጠሩ የነጠላ ፊደል ልዩነቶችን የሚያነበውን ዘዴ ተጠቀሚ። ወፏ በጣም ጥቂት ከሆነች አትንኪያት፤ የወደቀ ላባ ፈልጊ፣ ከቆዳ የሚተከለው የላባው ጫፍ ዲኤንኤ አለው። ስለ ፈቃድ አልነግርሽም፤ ስለ ጄኔቲክ ሀብት የወጣው አዋጅ ቁጥር 482/1998 አለ፣ አንብቢው።

የዛሬ ልጆች አንድ ነገር ታበሳጩኛላችሁ። ስለ ኮምፒውተር ፕሮግራሙ ሦስት ሰዓት ታወራላችሁ፣ ወፏ የቆመችበትን የሳር ዓይነት ስጠይቃችሁ ስልክ ታወጣላችሁ። ማሽን ማሳደዱን ተዉት እላለሁ ሁልጊዜ። እውነቱን ለመናገር ግን ሙሉ ጂኖም፣ የወፏን ዲኤንኤ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ የሚያነብ ሰው ባገኝ መኪናዬን ሸጬ እከፍለው ነበር። ያ ስልካችሁም ቢሆን፣ ሻሸመኔ በሄድኩበት ዓመት ቢኖረኝ እያንዳንዱን ወፍ ከነብልቃጧ ፎቶ አንስቼ፣ ይህን ደብዳቤ ባልጻፍኩ ነበር። ደግሞ አምና አንዲት ልጅ በጋይሳይ ውርጭ 19 ሌሊት ድንኳን ውስጥ አድራ 4 ወፍ ብቻ ይዛ ተመለሰች፤ ለአራቱም አንድ ሙሉ ደብተር ጽፋለች። ስለዚህ ከላይ ያልኩትን ሁላችሁም ላይ አላልኩም።

ባለፈው ዓመት ሱሉልታ ሄጄ ነበር። የእርጎዋን እናት ግጦሽ በአጥር ብዛት ለይቼ ማግኘት አልቻልኩም። እዚያ ቦታ የሚመስለኝ ላይ ባለ ሦስት ፎቅ ቤት ቆሟል፣ በረንዳው ላይ ልብስ ተሰጥቷል። እንደገና ናሙና ልውሰድ ብል የምወስድበት ሳር የለም።

38ቱ ብልቃጦች አሁንም ፍሪዘሬ ውስጥ አሉ። በአንደኛዋ ውስጥ የተጠቀለለች ወረቀት ትታያለች፤ ብርሃን ላይ ሲይዟት በልጅ እጅ የተጻፈ፣ እግሩ የተንጋደደ 7 ይነበባል። ደብተሬ ላይ 7፦ ሱሉልታ፣ ወንድ፣ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ይላል። ተማሪዬ በጾታው ሲመረምራት ገጥማለች። ለሥራሽ ከሱሉልታ ናሙና ካስፈለገሽ እሷን ነይና ውሰጂ፤ ስትመጪ እርሳስ ይዘሽ ነይ።